«ጠንከር አርጊው!» ሲሉሽ፦ የማሳጅ ባለሙያዎች ጠየቁ፣ እኛ መለስን

በዚህ ዕትም የጥያቄና መልስ አምዳችንን ለማሳጅ ባለሙያዎች ሰጥተነዋል፣ ምክንያቱም ሰሞኑን በቴሌግራም ከገባልን ጥያቄ አብዛኛው ከነሱ ነው። በመጨረሻ ከደንበኛ የመጣ አንድ አለ። ስም አናወጣም፣ ሰፈርና ቅጽል ይበቃል። መልሱን የጻፍኩት እኔም በዚሁ ስራ እንጀራዬን የምበላ ነኝና አንዳንዱ ቦታ ላይ ቆጣ ካልኩ ቻሉኝ።

«እህቴ ሰላም ነሽ? ቦሌ አካባቢ አንድ ስፓ ውስጥ ነው ምሰራው። በቀን ስድስት ሰባት ሰው እሰራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ከዛም በላይ። አውራ ጣቴ ስሩ ላይ ይወጋኛል፣ ቁልፍ ማዞር ሁላ አቅቶኛል። ማታ ደግሞ እጄ ይደነዝዛል። ደንበኛው ግን ሁሉም ጠንከር አርጊው ነው ሚለው። ቅባት እቀባለሁ፣ በሻሽ አስሬ እተኛለሁ፣ ለውጥ የለውም። ስራ ልቀይር ወይ?» — ጣቷ ያለቀባት፣ ከሃያ ሁለት

እህቴ ስራ ከመቀየርሽ በፊት አሰራርሽን እንይ። ሲጀመር የጻፍሽልኝ አንድ ህመም አይደለም፣ ሁለት ነው የሚመስለው። አውራ ጣትሽን መዳፍሽ ውስጥ አስገብተሽ በሌሎቹ ጣቶች ጨብጪውና እጅሽን ከአንጓው ወደ ትንሿ ጣት በኩል ቀስ አርገሽ አዘንብዪው። በአውራ ጣት በኩል አንጓሽ ላይ ክፉኛ ካመመሽ አውራ ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች ከነሽፋናቸው ተቆጥተው ሊሆን ይችላል፣ ሐኪሞች ዲ ኩርቬን ይሉታል። የማታውን መደንዘዝ ደግሞ የትኞቹ ጣቶች ላይ እንደሆነ ለይተሽ እዪ። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ከሆነና እጅሽን ስታራግፊው ቀለል የሚልሽ ከሆነ አንጓው ላይ ነርቭ ተጭኖ ይሆናል፣ ካርፓል ተነል የሚባለው ነው። ለዚህ ሻሽ ምንም አያደርግልሽም፣ የሚያስፈልግሽ አንጓው ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲያድር የሚይዝ ስፕሊንት ነው። ፊዚዮቴራፒስት ወይ አጥንት ሐኪም ጋ ሂጂ፣ አውራ ጣትሽ ስር ያለው ስጋ መሟሸሽ እስኪጀምር እንዳትጠብቂ፣ እዛ ከደረሰ ነርቩ ተጎድቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ስራው። ኮርስ ላይ የተማርናቸው አምስቱ የስዊድሽ እንቅስቃሴዎች ኤፍልራዥ (በመዳፍ ረጅም መዳበስ)፣ ፔትሪሳዥ (ጡንቻውን እያነሱ መጭመቅ)፣ ፍሪክሽን (አንድ ቦታ ላይ ማፋተግ)፣ ታፖትማን (መታ መታ ማድረግ) እና ቫይብሬሽን (ማንቀጥቀጥ) ናቸው አይደል? ከነዚህ ውስጥ አውራ ጣት በደንብ የሚፈለገው ጠባብ ቦታ ላይ ለሚሰራ ፍሪክሽን ነው፣ እሱም ለአጭር ጊዜ። እኛ ጋ ግን ብዙ ልጆች ከአንገት እስከ ተረከዝ በአውራ ጣት ነው ሚጨርሱት፣ ደንበኛው የሾለ ነገር ሲሰማው «ይሄ ነው ማሳጅ» ስለሚል።

መጀመሪያ የአልጋውን ቁመት እዪው። አጠገቡ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ እጅሽን ወደታች ልቀቂና ጨብጪ፣ የጭብጥሽ አጥንት የአልጋውን ፊት ነካ ማድረግ አለበት። ደንበኛው ወፈር ያለ ከሆነ ከዛም ዝቅ ይበል። አልጋው ከፍ ካለ ትከሻሽ ተሰቅሎ በእጅሽ ጉልበት ትገፊያለሽ፣ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ወገብሽ ያልቃል። አናጺ የሰራው ቁመቱ የማይቀየር አልጋ ከሆነ ለአጫጭሮቹ የሚቆሙበት ሰፊ የእንጨት መርገጫ ይሰራ፣ ይሄን አለቃሽን ከመጠየቅ ወደኋላ አትበይ።

ቀጥሎ ክንድሽን ስራ አስገቢው። ለጀርባ ራስጌ ቁሚ፣ አንድ እግር ወደፊት አንድ እግር ወደኋላ። ከክርንሽ በታች ያለውን ስጋማውን ክፍል ከአከርካሪው ጎን ባለው ወፍራም ጡንቻ ላይ አሳርፊው፣ አከርካሪው አጥንት ላይ በፍጹም አትውጪ። መዳፍሽ ልል ይበል፣ ጨብጠሽ ከያዝሽው ክንድሽ እንጨት ይሆንና ደንበኛውን ያመዋል። ከዛ አትግፊ። የኋላ ተረከዝሽን ከመሬት አንስተሽ ሰውነትሽን ወደፊት ጣል አርጊው፣ ክብደትሽ ራሱ ይወርዳል። ከትከሻ እስከ ወገብ ለመድረስ አምስት ስድስት ትንፋሽ ይውሰድ። የመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች አካባቢ ስትደርሺ ቀለል አርጊ፣ እዛ ጋ ኩላሊት አለ።

ጠንከር አርጊው ሲሉሽ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ጉልበት ሳይሆን ጥልቀት ነው፣ ጥልቀት ደግሞ በዝግታ ነው የሚገኘው። በፍጥነት የተጫንሽው ጡንቻ ራሱን ይከላከላል፣ ይጠነክርብሻል፣ አንቺም እልህ ይዞሽ ትጨምሪያለሽ። ስለዚ «እሺ» በይና ፍጥነትሽን በግማሽ ቀንሺ። ከዛ ጠይቂ፦ ከአንድ እስከ አስር ስንት ሆነ? ስድስት ሰባት ካሉ ይበቃል። አፋቸው «ጨምሪ» እያለ ትንፋሻቸውን ከያዙ፣ የእግር ጣታቸውን ካጠፉ ወይ ቂጣቸውን ካጠበቁ አፋቸውን ሳይሆን ሰውነታቸውን እመኚ። በማግስቱ በልዞ የተነሳ ሰው ጥሩ ማሳጅ አገኘ አይባልም፣ ይሄ «ካላመመ አይሰራም» የሚባል ነገር ከወጌሻ ቤት ይሁን ከጂም የመጣ እንጃ ብቻ ሙያችን ውስጥ ገብቶ ስንቱን እጅ እየጨረሰ ነው። በተረፈ በሁለት ደንበኛ መሃል ቢያንስ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ይኑርሽ፣ ሁለት ጠንካራ ማሳጅ ተከታትሎ እንዳይያዝልሽ ሪሴፕሽን ላይ ያለችውን ልጅ አስረጃት።

«ሐዋሳ ነው ምሰራው። ደንበኛው ተኝቶ እያለ ‹ሌላ ነገርስ የለም እንዴ?› ይላል፣ አንዳንዱ እጄን ይይዛል፣ አንዱ ደግሞ አንሶላውን ገፎ ጣለው። ባለቤቱ ደንበኛ እንዳይቀየም በጨዋታ እለፊው ይለኛል። ሰፈር ውስጥ ራሱ ማሳጅ ቤት ነው ምሰራው ስል የሰው አይን ይቀየራል። ምን ላድርግ?» — ሙያዬን የምወድ

በጨዋታ አትለፊው። አንቺ ከመፍራት የሳቅሽውን እሱ ዋጋ መደራደር ነው ብሎ ነው የሚተረጉመው። እንዲ ሲል እጅሽን አንሺ፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ በይ፣ አንሶላው ከተገፈፈ መልሰሽ ከማልበስ «አንሶላውን ይልበሱ» በይ። ከዛ ድምጽሽን ሳትጨምሪ ሳትስቂም፦ «እዚህ የሚሰራው ማሳጅ ብቻ ነው። ከደገሙት አቆማለሁ።» አለቀ። ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ይቅርታም አትጠይቂ። ከደገመው «ሰዓታችን አልቋል፣ ልብስዎን ይልበሱ» ብለሽ ወጥተሽ ሪሴፕሽን ጋ ሂጂ፣ ተመልሰሽ ብቻሽን አትግቢ። እጁን የሰነዘረ ከሆነ ግን ሁለተኛ እድል የለውም፣ ያኔውኑ ውጪ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያለውን ነገር ቃል በቃል ደብተር ላይ ጻፊው፣ ሌላ ቀን በሌላ ስም ቀጠሮ ሲይዝ የምትያዘው ልጅ ሌላ ናትና።

አንድ ነገር ግን መለየት አለብሽ፣ ይሄን ኮርስ ላይ አፍረው ያልፉታል። ወንድ ደንበኛ ሰውነቱ ሲፍታታ ሳያስበው የአካል ምላሽ ሊያሳይ ይችላል፣ ያ ብቻውን ብልግና አይደለም፣ ሰውየው ራሱ በሃፍረት ሊሞት ይችላል። እንዳላየሽ ሆነሽ የምትሰሪበትን ቦታ ቀይሪ፣ ወደ እግር ጫፍ ወይ ወደ ትከሻ ሂጂ፣ ወይ በሆዱ እንዲዞር ንገሪው። ሃሳቡ ሚታወቀው በንግግሩና በእጁ ነው።

ገና ሳይጀመር የሚዘጋም ብዙ በር አለ። ደንበኛው ሲመጣ ቁጭ ብሎ ፎርም ይሙላ፦ ምን ያመዋል፣ ምን መድሃኒት ይወስዳል፣ የት እንዲነካ አይፈልግም። ፎርም የሞላ ሰው የመጣበት ቦታ ምን እንደሆነ ይገባዋል። የምትሰሪበትን አካል ብቻ ግለጪ። እግር ስትሰሪ አንሶላውን ከጭኑ ስር አሳልፈሽ በደንብ ወሽቂው፣ ስትጨርሺ ሸፍነሽ ወደ ሌላኛው እለፊ፣ እንዲህ ያለ አሸፋፈን ሳትናገሪ ይናገርልሻል። የክፍሉ በር ከውስጥ አይቆለፍ።

ባለቤቱን በተመለከተ፣ የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሰሪ ወይም የስራ ኃላፊ ሰራተኛ ላይ ወሲባዊ ትንኮሳ ማድረግን ይከለክላል፣ ይሄ የደረሰባት ሰራተኛም ያለማስጠንቀቂያ ስራ መልቀቅ ትችላለች። ያንቺ አለቃ እዛ አልደረሰም፣ ግን «እለፊው» ማለቱን ከቀጠለ ከባልደረቦችሽ ጋር ሆናችሁ አነጋግሩት፣ የቤቱን ህግ በትልቁ ጽፎ ሪሴፕሽን ላይ ይስቀል በሉት። እምቢ ካለ የሚሸጠው ማሳጅ መሆኑን ራሱ እርግጠኛ አይደለም፣ ሌላ ቤት ፈልጊ። የሰፈር ሰው አይንን ተይው።

«አዳማ ቤት ለቤት እየሄድኩ አራሶችን አሻለሁ፣ ከእናቴ የተማርኩት ነው ኋላ ኮርስም ወስጃለሁ። አንዷ በኦፕሬሽን ነው የወለደችው፣ ሶስተኛ ሳምንቷ ነው። ግራ እግሯ ባቷ አብጦ ይከብደኛል ያመኛል ትላለች። እናትየው ‹ብርድ ነው በቅቤ እሺልኝ› ብለው ሲጨቀጭቁኝ ፈራሁና ነገ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። ልሽ ወይስ ልተወው?»

እንዳታሺው! ይሄን መልስ በዛው ቀን በቴሌግራም ልከንላታል፣ እዚህ የምናወጣው ለሌሎቻችሁ ነው።

ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ደም እግር ውስጥ የመርጋት እድሉ ከሌላ ጊዜ በጣም ይበልጣል፣ በኦፕሬሽን ለወለደችና ብዙ ለተኛች ደግሞ ይብሳል። የሚያስጠረጥረው አንዱ እግር ብቻ ሲያብጥ ነው። ሁለቱም እኩል ካበጡ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ እሱንም ቢሆን ሐኪም ይየው። ባቱ ያማል፣ ሲነካ ይሞቃል፣ መጽሐፍ ላይ «ይቀላል» ይላል ግን በኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላልና እሱን አትጠብቁ። የልብስ ሰፊ ሜትር ካላችሁ ከጉልበት በታች እኩል ቦታ ላይ የሁለቱን ባት ዙሪያ ለኩ፣ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። ከዛ ያነሰ ከሆነ ግን «ነጻ ነች» ማለት አይደለም፣ ያው ወደ ሆስፒታል ነው። እሽት የረጋውን ደም ከቦታው ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ወይ ደረቷን ከወጋት ደቂቃም አትቆዩ፣ ድንገተኛ ክፍል።

እናትየውን እንዴት እናሳምናቸው? «አላሽም» ካልሻቸው ሌላ አሺ ይጠራሉ። «እማማ፣ ቅቤውን አስቀምጡልኝ፣ መጀመሪያ እግሯን በአልትራሳውንድ አሳዩልኝና ንጹህ ነው ካሉኝ በማግስቱ መጥቼ ራሴ አሻታለሁ» በያቸው። ጠብም የለው፣ ክብራቸውም አልተነካ። ምንም ችግር የሌለባትን አራስ ግን ጀርባዋን፣ ትከሻዋን፣ ክንዷን አሺላት፣ ጡት ስታጠባ የምትጎብጥ ሴት ትከሻ የሚያሳዝን ነው። የኦፕሬሽን ጠባሳውን ሐኪሟ ደህና ነው ሳይል አትንኪ።

«ሱሉልታ አትሌቶችን ነው ማሳጅ ምሰራው። አሰልጣኙ ከውድድር በፊት ባለው ቀን ‹ጨምቀህ ላክቲክ አሲዱን አውጣላቸው› ይለኛል። እውነት ይወጣል?» — ከእንጦጦ ማዶ

ወንድሜ፣ አይወጣም፣ ምክንያቱም አንተ ስትደርስ እዛ የለም። ከከባድ ልምምድ በኋላ ላክቴት፣ ያው ላክቲክ አሲድ የሚሉት፣ በአንድ ሰዓት አካባቢ ውስጥ ራሱ ከደም ይጠራል፣ ሰውነት እንደ ነዳጅ ይጠቀምበታል። በማግስቱና በሁለተኛው ቀን የሚሰማቸው ህመም የጡንቻ ክሮች በጥቃቅኑ ስለተጎዱ ነው። ማሳጅ ያንን የህመም ስሜት በመጠኑ ያቀለዋል፣ በዚህ ልትኮራ ትችላለህ፣ ሰው በማሳጅ ፈጠነ የሚለውን ግን ለሻጭ ተወው።

ከውድድር በፊት ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ጠልቆ የሚገባ ስራ አትስራ፣ ጡንቻው ቆስሎ ነው መስመር ላይ የሚቆመው። አሰልጣኙ ከተቆጣ «ጠንካራውን ማክሰኞ ሰርቼዋለሁ» በለው፣ ማለትም በእውነትም ሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ጨርሰው። የውድድሩ ጠዋት ላይ አስር አስራ አምስት ደቂቃ፣ ቀላልና ፈጠን ያለ፣ ዘይት ያልበዛበት፣ ከተቻለ በልብስ ላይ። ሩጫው እንዳለቀ ደግሞ ወዲያው አልጋ ላይ አታስተኛቸው፣ ይራመዱ ይጠጡ፣ ከዛ ከእግር ጫፍ ወደ ልብ አቅጣጫ ለስለስ ያለ ኤፍልራዥ። የጉልበቱ ቋንጃ ውስጥ በአውራ ጣት አትግባ፣ ደም ስርና ነርቩ እዛ ጋ ላይ ላዩን ነው የሚያልፉት። በታላቁ ሩጫ ሰሞን በየድንኳኑ በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ የምትቆሙ ልጆችም ይሄን ያዙት፣ ሯጩ ግራ የተጋባ፣ የሚያስመልሰው ወይ የሚቃዥ ከሆነ ስራችሁ ማሸት ሳይሆን የህክምና ቡድኑን መጥራት ነው።

«ከአዲስ አበባ የማሳጅ ዲፕሎማ ይዤ ቨርጂኒያ መጣሁ። አሌክሳንድሪያ አንድ ሀበሻ ሳሎን ‹ነይ ስሪ ላይሰንሱ ይደርሳል› አሉኝ። ልጀምር?»

አትጀምሪ። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ላይሰንስ ማሳጅ መስራት በህግ ያስጠይቃል፣ አንቺ ደግሞ ገና የመኖሪያ ወረቀትሽ እየተሰራ ይሆናል። እዛ ላይሰንሱን የሚሰጠው የነርሲንግ ቦርዱ ነው፣ ቢያንስ 500 ሰዓት ትምህርትና ኤምብሌክስ የሚባለውን ፈተና ይፈልጋል። ፈተናው 100 ጥያቄ ነው፣ በኮምፒዩተር፣ በእንግሊዝኛ ወይ በስፓኒሽ፣ አማርኛ የለውም። ስለዚ አናቶሚውን ከአሁኑ በእንግሊዝኛ አጥኚ፣ እጅሽ ያውቀዋል አፍሽ ነው የቀረው። ዲፕሎማሽ ምን ያህል እንደሚቆጠርልሽ ለማወቅ የትምህርት ቤት ክፍያ ከመክፈልሽ በፊት ቦርዱን በኢሜይል ጠይቂ፣ መልሱንም አስቀምጪው። ስቴት ከቀየርሽ ህጉም ይቀየራል፣ ኒውዮርክ ለምሳሌ 1,000 ሰዓት ነው የሚጠይቀው። ሳሎኑ ቢያዝ ባለቤቱ ቅጣት ከፍሎ ይቀጥላል፣ ባንቺ ስም የተመዘገበው ነገር ግን ላይሰንስ ስታመለክቺ ፊትሽ ይመጣል።

«ባህር ዳር ነኝ። የኑግ ዘይት ብጠቀም ምን ችግር አለው? የውጪው ውድ ነው። አንሶላዎቼም ይሸታሉ።»

ቆዳን አይጎዳም፣ ግን የኑግ ዘይት ቶሎ የሚበላሽ አይነት ነው፣ አንሶላሽ የሚሸተውም ለዛ ይሆናል። ሰሊጥ የተሻለ ይቆያል፣ ሰሊጥና ለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው እንዳለ ግን ጠይቂ። ኮኮናት ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋል፣ ባህር ዳር ይሻላል እንጂ አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ጠዋት ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሳይነክሩ አይፈስም። አንሶላውን በዛው ቀን በሙቅ ውሃ እጠቢው፣ አሳድረሽ አይለቅም። ማድረቂያ ማሽን ያላችሁ ደግሞ ዘይት ያልለቀቀውን ፎጣ ትኩስ እያለ አጣጥፋችሁ አትከምሩ፣ ውስጥ ለውስጥ ሙቀት እየጨመረ ሄዶ በራሱ እሳት ሊነሳ ይችላል፣ በደንብ ሲቀዘቅዝ አጣጥፉት።

«ልጄ ለልደቴ የማሳጅ ካርድ ገዛችልኝ። 67 ዓመቴ ነው፣ የግፊትና ደም የሚያቀጥን መድሃኒት እወስዳለሁ። ሙሉ ልብስ ነው እንዴ የሚወለቀው? ሄጄስ አላውቅ።» — አባት፣ ከጎፋ

አባቴ፣ እንኳን አደረሰዎት። ማውለቅ የሚኖርብዎት ራስዎን እስከሚመችዎት ድረስ ነው፣ የውስጥ ሱሪዎን ለብሰው መተኛት ይችላሉ፣ ባለሙያዋ እስኪያወልቁና አንሶላ ስር እስኪገቡ ከክፍሉ ትወጣለች። ካልወጣች «ልጄ እስኪ ውጪልኝ» ይበሏት። ከዛ በፊት ግን መድሃኒቶቹን በስማቸው ይንገሯት፣ ደም የሚያቀጥን መድሃኒት የሚወስድ ሰው በቀላሉ ስለሚበልዝ ለስለስ ያለ ማሳጅ ነው የሚያስፈልግዎት። ጠንካራውን፣ ክርን የሚገባበትን አይቀበሉ፣ አንገትዎን ቀጭ ላድርግ ካለችም እምቢ ይበሉ። ግፊትዎ ሰሞኑን አልረጋ ብሎ ከሆነ ቀጠሮውን ለሌላ ሳምንት ያዙሩት፣ ሐኪምዎንም በዛው ይጠይቁ። በሞቀ ድንጋይ የሚሰራ ማሳጅ ካቀረቡልዎትና ስኳር ካለብዎት፣ በተለይ እግርዎ የሚደነዝዝ ከሆነ፣ ሙቀቱ ሳይታወቅዎት ሊያቃጥልዎት ይችላልና ይቅርብዎት። ሲያልቅ ደግሞ ቶሎ ብድግ አይበሉ፣ መጀመሪያ በጎን ዞረው ይቀመጡ፣ እግርዎን አንጠልጥለው ትንሽ ይቆዩ፣ የግፊት መድሃኒት የሚወስድ ሰው ከተኛበት ድንገት ሲነሳ ያዞረዋል፣ መሬቱም ዘይት ነክቶት ሊሆን ስለሚችል ነጠላ ጫማዎ ከአልጋው አጠገብ ይሁን።